ከገጼ ላይ የወጡት ሃያ ሁለት ቀናት

ኢንጂነሩን መጀመሪያ ያወቅሁት በድምፁ ነው። ለስለስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ «እህቴ» ሲል ከአንድ ማጀት የወጣን የሚያስመስል ድምፅ ነበረው። ዛሬም ያ ድምፅ ትዝ ሲለኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

እኔ ያኔ ሪያድ፣ ሺፋ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ስድስት ልጆች፣ ማዳም፣ ባባ፣ ፎቅ ላይ ደግሞ የባባ አሮጊት እናት። የመጣሁት ከወሎ ነው። ኮምቦልቻ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ አንድ ዓመት ተኩል ኮምፒውተር ተምሬያለሁ፤ ከዚያ እንዴት ለሰው ቤት ሥራ እንደወጣሁ የብዙዎቻችን ታሪክ ስለሆነ አልደግመውም። ሪያድ ስገባ ከትምህርቴ የተረፈኝ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልክና ድረ ገጽ የምሠራበት ትንሽ እውቀት ነበር።

በዚያ ስልክ አንድ ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። የኮምፒውተር ሙያ ያላቸው አማርኛ ተናጋሪዎች የተሰባሰቡበት ነው፤ አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ እዚሁ ሪያድም ያሉ። ግሩፑ የአባላቱን የግል ድረ ገጾች የሚያሳይ ዝርዝር ነበረው። አድራሻህን ትልካለህ፣ ከዝርዝሩ ትገባለህ። እኔ በየቀኑ አንዱን እየከፈትኩ አያለሁ። ጥቁር መደብ፣ እጁን ያጣመረ ሰው ፎቶ፣ ከሥሩ «ችግር መፍታት እወዳለሁ» የሚል ጽሑፍ። ብሎግ የሚለውን ስነካው «ሰላም፣ ይህ የመጀመሪያ ጽሑፌ ነው» ይላል፤ ሁለተኛ ጽሑፍ የለም። የምን ችግር እንደፈቱ ፈልጌ አላገኘሁም።

የእኔ ገጽ ነጭ ነበር። ፎቶ የለው፣ ስም የለው። መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። አዲስ የመጣች ልጅ ማሽኑ ላይ ያለውን ዐረብኛ ማንበብ አትችልም፤ የማዳሟን ሐር ቀሚስ በፈላ ውኃ አጥባ ስትሰደብ ትውላለች። ስለዚህ ገሲል ማጠብ፣ ሸጥፍ ማለቅለቅ፣ ተጅፊፍ ማድረቅ እያልኩ የቁልፎቹን ሥዕል ሠርቼ አስቀመጥኩ። ቀጥዬ የቤት ዋይፋይ ሲቆም ምን እንደሚደረግ ጻፍኩ።

ነገር ያመጣው ሦስተኛው ነው። ከግንቡ ወዲያ ባለው ቤት የምትሠራ ጓደኛ ነበረችኝ፤ ቆሻሻ ስናወጣ በር ላይ እንገናኛለን። አንድ ቀን ዓይኗ አብጦ መጣች።

«ሁለት ዓመቴ መች እንደሚሞላ ማዳምን ብጠይቃት ሳቀችብኝ» አለችኝ። «‹ገና ነው፣ ኢንሻአላህ› ትላለች። እኔ የማውቀው ኅዳር ሰባት መግባቴን ነው። ኅዳር ሰባት በእነሱ ስንት ነው?»

አላውቅም ነበር። ወረቀቷን አሳየችኝ፤ ውሉ የተጻፈው በሂጅራ፣ በእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር ነው። እኛ የምናስታውሰው በሀገራችን ነው። ማዳሞቹ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው። የሂጅራ ዓመት ከፈረንጁ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ያጥራል፤ ሁለት ዓመት ሲሆን ሃያ ሁለት ቀን ነው። ውሉ በሂጅራ ሆኖ አሠሪ በፈረንጅ ከቆጠረ ሃያ ሁለት ቀን በላይ ያሠራሻል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ተንኮል ኖሮበት እንኳ አይደለም፤ የሚጠይቀው ስለሌለ ነው።

የገባሽበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስትሞዪ ውልሽ የሚያልቅበትን በሦስቱም አቆጣጠር የሚነግርሽ ገጽ ለመሥራት አራት ወር ፈጀብኝ። ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀምጬ፣ በአንድ አውራ ጣት ነው የጻፍኩት። ጳጉሜ ልታሳብደኝ ነበር። አንዴ አምስት፣ አንዴ ስድስት፤ ባስተካከልኩ ቁጥር መስከረም ላይ አንድ ቀን ይንሸራተታል። የሚያወጣውን ቀን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የሶላት ሰዓት ካላንደር ጋር እያስተያየሁ መቶ ጊዜ ፈተሽኩት። የጓደኛዬን ኅዳር ሰባት ሞልቼ ትክክለኛው ቀን ሲወጣ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ አፌን በእጄ ያዝኩ።

በድምፅ መልእክት ሴቶች ተቀባበሉት። «እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ሁለት ወር ነው የቀረኝ አለኝ» የምትል ከዑለያ፣ «እኔስ አልፎኛል!» ብላ የምትጮህ ከሌላ ሰፈር። የማላውቃቸው ናቸው። እያንዳንዷ መልስ ትፈልጋለች፤ እኔም ሰሃን እያጠብኩ፣ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሜ እመልሳለሁ። በሪያድ ኑሮዬ እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኢንጂነሩ የጻፈልኝ ያኔ ነው። የግሩፑ አስተዳዳሪ እሱ ነው፤ ዑለያ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ለአንድ ድርጅት ይሠራል፤ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተስተካከለ፣ የሳምንት ዕረፍት ያለው ሰው። «እህቴ፣ ገጽሽን አየሁት፤ ኮራሁብሽ» አለኝ በድምፅ። ገጼን ከዝርዝሩ ሊያስገባ ነው። ፎቶ ጠየቀኝ። ፊቴን ማሳየት አልፈልግም፣ የሰው ቤት ነው ያለሁት አልኩት። «ችግር የለም፣ ጀርባሽም ይበቃል» አለ። ደግሞም ገጹ በነፃ ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ሊጠፋ ይችላል፣ ቢጠፋ እንድመልሰው የይለፍ ቃሉን ስጪኝ አለ። ወንድም ብዬ ሁለቱንም ላክሁለት። ከስሕተቶቼ ሁሉ ራሴን የማልምርበት ይህ ነው።

እሱ ያደረገው ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ብቻ አይደለም። «ከልብስ ማጠቢያ ወደ ኮድ» የሚል ረጅም ጽሑፍ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ በየቦታው አወጣው። በወሬ መሃል የነገርኩትን ሁሉ ዘረዘረው፦ ሺፋ ውስጥ እንደምሠራ፣ ቤቱ ስድስት ልጆች እንዳሉት፣ ከየት እንደመጣሁ። «የመጀመሪያዋን የኮድ መስመር ሳስተምራት አለቀሰች» ይላል። እሱ ያስተማረኝ ነገር የለም። እኔም አላለቀስኩም። ከሁሉ የከፋው ፎቶው ነው፤ ከጀርባዬ ወዲያ የክፍሉ ግድግዳ ሰማያዊ ሴራሚክ፣ ከበሩ ጎን ደግሞ የትንሿ ልጅ ቦርሳ፣ ስሟ በትልቁ ተጽፎበት ይታያል። ስልኩን አቁሜ ፎቶውን ስነሳ ቦርሳውን አላየሁትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የማዳም ትልቋ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን ፊቴ ላይ ዘረጋችው። ጓደኛዋ ነው የላከችላት።

«ይህ የእኛ ቤት አይደለም?»

«ነው።»

«ይህን ገጽ አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ልጅቷ የምትቆጣ አትመስልም ነበር፤ እንዲያውም አፏን ከፍታ ታየኝ ነበር። እናቷ ግን ከኋላዋ ደርሳ ነበር። ማዳም ፎቶውን አየች፣ ቦርሳው ላይ ያለውን ስም አየች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«የልጄን ስም ለዓለም አወጣሽ! ቤቴን አወጣሽ!»

«እኔ አይደለሁም፣ ማዳም፤ አንድ ሰው—»

«ኸላስ፣ በቃ!» አለች። «ስልኩን አምጪ።»

ማዳም ክፉ ሴት ናት አልልም። ስለ ልጇ ስም እውነት ነበራት፤ እኔም እናት ብሆን እንደዚያ እቆጣ ነበር። ግን ስልኬን ወስዳ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት፤ ሁለት ወር ሙሉ። እናቴ ወሎ ሆና ልጄ ሞታለች ብላ ሰው ሁሉ ስትጠይቅ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። በር ላይ ቆሻሻ ይዤ ስወጣ ጓደኛዬ «ገጽሽ እኮ አምሮበታል፣ ቀለም ተቀብቷል» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። መጠየቅ የምችልበት ስልክ አልነበረኝም።

ስልኩ የተመለሰልኝ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ነው፤ የባባ እናት «ይህች ልጅ አንደበቷ ተዘጋ፣ ስጧት» ብላ ተቆጥታ። እንደከፈትኩት መጀመሪያ ወደ ገጼ ሄድኩ። የድሮውን አድራሻ ስጽፍ ሌላ ቦታ ይወስደኛል። ሐምራዊ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ነው፣ ቁልፎቹ ሲነኩ ይወዛወዛሉ። የልብስ ማጠቢያው ጽሑፍ የለም። ዋይፋዩ የለም። የቀን ማስያው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚያወጣው፣ የኢትዮጵያንና የፈረንጅን። ሂጅራው ወጥቷል። የውሉ ማለቂያ በፈረንጅ ሁለት ዓመት ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። ከታች በትንሹ «በማኅበረሰባችን የተሠራ» ይላል፤ ከጎኑ የኢንጂነሩ ስም አለ። የይለፍ ቃሌም አይሠራም።

ከዚያ የድምፅ መልእክቶቹን መስማት ጀመርኩ። በጣም ብዙ ናቸው። ግማሹ የማላውቃቸው ወንዶች «ጀግና» የሚሉኝ ነው። ከመሃላቸው የአንዲት የከሚሴ ልጅ ሦስት መልእክት ነበር።

የመጀመሪያው፦ «እህቴ፣ ባለፈው ስሞላው የማልቅበትን ቀን ነግሮኝ ነበር፣ አሁን ሃያ ሁለት ቀን ጨመረብኝ። የትኛው ነው ልኩ? አባቴ ታሟል፣ ቶሎ መሄድ አለብኝ።»

ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ ነው፦ «ለማዳሜ ገጹን አሳየኋት። ‹ይኸው ራስሽ ያመጣሽው ነው፣ ቀንሽ የኋለኛው ነው› ብላ ትኬቱን በዚያ ቆረጠችው። እህቴ፣ ለምን አትመልሺልኝም?»

ሦስተኛው ከሀገር ቤት ነው። ከኋላዋ ሰው ሲያወራ፣ በግ ሲጮህ ይሰማል። «ደረስኩ። አባቴ ከተቀበረ ዘጠኝ ቀኑ ነው። አንቺን አልወቅስሽም፤ የጽሑፍ ነገር ነው፣ ይሳሳታል።»

ሳፋው ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ማልቀስ አልመጣልኝም። ገጼ አልተሳሳተም ነበር። ልኩን ነግሯት ነበር! ልኩን የነገራትን መስመር ያወጣው ሰው ነው፤ አቆጣጠሩን ሳይጠይቅ፣ በሂጅራ የተጻፈ ውል እጁ ይዞ የማያውቅ፣ ከሀገር መውጫ ቀኑን ከማንም ለምኖ የማያውቅ ሰው።

ደወልኩለት። አያነሳም። ከሰዓታት በኋላ በድምፅ መለሰ፦ «እህቴ! ጠፋሽ እኮ። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ።» አልደወለም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ሳምንት ማዳም ልጆቹን ዑለያ ወዳለ የገበያ ሕንፃ ወሰደቻቸው። እሷ ከትልልቆቹ ጋር ልብስ ልታይ ስትገባ እኔ ሁለቱን ትንንሾች መጫወቻው ጋ እንድጠብቅ ተነገረኝ። ኢንጂነሩ የሚሠራበት ሕንፃ መንገዱን ተሻግሮ ነበር። «ከፊት ለፊትዎ ነኝ፣ መጫወቻው ጋ። አሁን ካልመጡ ያደረጉትን ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ» ብዬ ላክሁለት። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ።

«እህቴ! በመጨረሻ በአካል ተገናኘን» አለ ፈገግ ብሎ። «ምን ልጋብዝሽ?»

«ምንም። ማዳም ሳትመለስ ይስሙኝ። ፎቶዬን ያጥፉልኝ፣ ገጼን ይመልሱልኝ።»

«ፎቶው እኮ ችግር የለበትም። ቢሮ ያለ አንድ ሳዑዲ የልጅቷ ስም ይታያል ብሎ ነግሮኝ፣ በዚያው ቀን አደበዘዝኩት።»

«ለቦርሳው በዚያው ቀን። ለእኔስ?»

«ያንቺ ፊትሽ አይታይም።»

«ማዳሜ አወቀችኝ። ሁለት ወር ስልኬን ወሰደችው።»

«እሱ ያሳዝናል» አለ፤ በእርግጥም ያዘነ መሰለ፤ ለአንድ እስትንፋስ ያህል። «ግን ጽሑፉ ስንቱን ወጣት እንዳነቃቃ ብታዪ...»

«‹ሳስተምራት አለቀሰች› ብለው ጽፈዋል። መቼ ነው ያስተማሩኝ?»

ሳቀ። «እሱ አጻጻፍ ነው፣ እህቴ። ታሪክ ትንሽ ስሜት ይፈልጋል።»

«ሂጅራውንስ ለምን አወጡት?»

«ሦስት ቀን ሲደረደር ለዓይን ይበዛል። ንጹሕ ገጽ ጥቂት ነገር ነው ያለበት። ደግሞ ልዩነቱ ሃያ ምናምን ቀን ብቻ እኮ ነው።»

ስልኬን አውጥቼ የከሚሴዋን ልጅ ሦስት መልእክት ከፍቼ ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ራሱ እንዲይዘው አልሰጠሁትም። ሲሰማ ፈገግታው ወረደ። ሲያበቃ እንዲህ አለኝ፦

«ስለዚህ ሂሳቡ ላይ ስሕተት አለ ማለት ነው?»

ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለት አልቻልኩም።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት፣ «ሰው አባቷን ሳትቀብር ቀረች ነው የምልህ! ስለ እኔ ስነግርህ ‹ያሳዝናል› አልክ። ስለ እሷ ስትሰማ የገረመህ ሂሳቡ ነው። እኛ ለአንተ ምንድን ነን? የፎቶ ጀርባ?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ጥበቃው ዘወር አለ። ትንሿ ልጅ ከመጫወቻው ወጥታ ዐባያዬን ያዘች። እሱ ግራ ቀኙን አየ፤ ሰው እንዳያየው ነው የሰጋው።

«ቀስ በይ፣ እህቴ። እሺ፣ ፎቶውን አጠፋለሁ። ገጹ ግን አሁን የማኅበረሰቡ ነው፣ ብዙ ሰው ነው የሚጠቀምበት፣ እንዲሁ ማንሳት አይቻልም። የሂጅራውን መስመሮች ላኪልኝና ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ።»

«ራስህ አውጥተህ ጣልካቸው፣ ራስህ ፈልጋቸው!»

«አላስቀመጥኳቸውም።»

ማዳም ከሩቅ እጇን አወዛወዘች። «ያላ፣ እንሂድ!» ልጆቹን ይዤ ሄድኩ።

መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኜ ነድጄ ሞትኩ። መስመሮቹ ስልኬ ውስጥ አሉ፤ የአራት ወር ድካሜ ናቸው። ለእሱ መስጠት ማለት እንደገና በእጄ ማጉረስ ነው። ሳልሰጠው ብቀር ደግሞ ያን ቀን፣ ያን ሰዓት፣ የሆነች ልጅ በሐምራዊው ገጽ ላይ የገባችበትን ቀን እየሞላች ነው፤ ለማዳሟም ልታሳይ ነው። በማግስቱ ከዙህር በኋላ ላክሁለት። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረኝ ስጦታ የለም። እሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ እኔ በእነዚያ ሴቶች ላይ እንደማልጨክን። ለዚህም ነው ይበልጥ የተናደድኩት።

ሂጅራውን በሁለተኛው ቀን መለሰው። ከገጹ ሥር «ስሕተት ታርሟል» ብሎ የራሱን ስም ጻፈበት። ፎቶውንም አጠፋ፤ ግን ጽሑፉን ሌሎች ቀድተው ስለነበር ጀርባዬ እስካሁን የማላውቀው ሰው ገጽ ላይ አለ።

እኔም ዝም አላልኩም። የሆነውን ሁሉ፣ ሳልሳደብ፣ ተራ በተራ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር እዚያ የምጽፈው። አንዳንዱ የልብ ምልክት አደረገ። አንዱ «ገመናችንን አደባባይ አናውጣ» አለ። ሌላው «በጎ አስቦ ነው፣ ምስጋና ቢስ አትሁኚ» አለ። ችግር መፍታት እንወዳለን ብለው ገጻቸው ላይ ከጻፉት መካከል አንድም «ልጅቷ እውነት አላት» ያለ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ስከፍተው ከግሩፑ ወጥቻለሁ። ያወጣኝ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ገጼን በሌላ አድራሻ እንደገና አቆምኩት። የይለፍ ቃሉን ከእኔ በቀር ማንም አያውቀውም። ከዚያ ስልኬ ውስጥ ላሉት ሴቶች ሁሉ፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ አዲሱን አድራሻ በድምፅ ነገርኳቸው፤ ሳምንት ፈጀብኝ። ለከሚሴዋ ልጅም ደወልኩ። ያጠፋው ገጹ ሳይሆን ሰው እንደሆነ ነገርኳት።

«እና ያ ሰውዬ ይህን ያውቃል?» አለችኝ።

«ያውቃል። በጆሮው ሰምቷል።»

«ምን አለ?»

ልዋሻት አስቤ ነበር። አልዋሸኋትም። ያለውን ነገርኳት። «አሃ» አለች፤ ስልኩንም ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

የእኔ ውል ሲሞላ ለማዳም ቀኑን ነገርኳት። አላመነችኝም። ትልቋ ልጅ ወረቀቱን አስወጥታ በሂጅራ ቆጠረችና «እማማ፣ እውነቷን ነው» አለች። ያም ሆኖ አራት ቀን አቆዩኝ። አሁን ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቤት ነኝ፤ ጁምዓ ጁምዓ የግማሽ ቀን ዕረፍት አለኝ።

ኢንጂነሩ ባለፈው ወር ጻፈልኝ። ሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ለማምጣት ስብሰባ አለ፣ መጥተሽ ልምድሽን አካፍዪ ይላል። ስለ ቀድሞው አንድ ቃል የለውም። ለአንዲት ጓደኛዬ ባሳያት «ይቅር በይው በቃ፣ ስንት ጊዜ ሆነው» አለችኝ። ይቅር የሚባል ሰው እኮ መጀመሪያ ጥፋቱን ያወቀ ነው፤ ይህ ሰው እስከ ዛሬ ውለታ የዋለልኝ ነው የሚመስለው። አልሄድም ብዬ ጻፍኩለት። ምክንያቱንም በስምንት መስመር ዘረዘርኩለት። አንብቦታል።